«ላንተ ስል ነው» የምንል ወላጆች፣ እስቲ ዛሬ እንነጋገር

ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ከፊቴ አርባ ምናምን መኪና አለ። ስለዚህ የዛሬው ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ያዙ። የሚከፋው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ይክፋው። እኔም አለሁበት።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሰልፍ ላይ ቆመን ስንጫወት አንዱ ወንድማችን ልጁ ፕሪ-ሜድ ትቶ ወደ ሌላ ትምህርት መዛወሩን ነገረን። የነገረን ድምፅ መርዶ የሚያረዳ ሰው ድምፅ ነው። እኛም መርዶ እንደሰማ ሰው ሆንን። አንዱ «አይዞህ፣ ይመለሳል» አለው። ሌላው «ጓደኛ ነው ያበላሸው» አለ። ሦስተኛው «ይሄ አገር እንደሆነ ልጅ አያስቀርልህም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ልጁ እኮ አልሞተም፣ አልታሰረም፣ ትምህርትም አላቋረጠም። የተዛወረው ወደ ስታቲስቲክስ ነው! «ልጁስ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ትዝ ያለኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

እና ልል የፈለግኩት ይሄ ነው። ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንቅልፍ የሚያጡት ሰነፍ ስለሆኑ፣ ስልክ ስለሚያበዙ ወይም እምነታቸው ስለላላ ነው እያልን ራሳችንን አናታልል። ከሸክሙ ትልቁን ክፍል የጫንነው እኛ ነን። የጫንነውም በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እኔ እዚህ አገር እንዲህ የምንከራተተው ላንተ ስል ነው።»

ነገሩ የሚጀምረው ገና በልጅነት ነው። ልጁ በሦስት ዓመቱ እስከ ሃያ ቆጠረ እንበል። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ዶክተርዬ» ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ «ዶክተርዬ፣ ና ሳመኝ»፤ ልደት ላይ «ዶክተርዬ፣ ኬኩን ቁረስ»፤ አያቱ ከአገር ቤት በስልክ «ዶክተሬ፣ መቼ መጥተህ ነው ጉልበቴን የምታክመኝ?» አሥራ አምስት ዓመት በዚህ ስም የተጠራ ልጅ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ 48 ሲያመጣ ምን የሚሰማው ይመስላችኋል? እኛ ብንሰማ አንድ ፈተና ወደቀ እንላለን። እሱ የሚያስበው አያቱን ምን እንደሚላት ነው። እኛ ቤት ደግሞ ስሙ «ኢንጂነሯ» ነበር። ወደሱ እመለሳለሁ።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፣ የድሮ ልማዴ ነው። እዚህ አገር አንድ ክሬዲት ሲባል በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ ሥራ ማለት ነው። ስለዚህ 15 ክሬዲት የያዘ ተማሪ በሳምንት የ45 ሰዓት ሥራ አለው። በዚያ ላይ ስንቱ የኛ ልጅ ነው ቡና መሸጫ ወይም መጋዘን 20 ሰዓት የሚሠራው? 65 ደረሰ። ቅዳሜ የእናቱን የሐኪም ቀጠሮ ያስተረጉማል። ከኢንሹራንስ የመጣውን ደብዳቤ ያነብልናል። የምንሠራበት አፕሊኬሽን ሲዘጋብን ስልክ ይዞ ሁለት ሰዓት ሙዚቃ እየሰማ የሚጠብቀው እሱ ነው። እሑድ ቅዳሴ አለ። ማታ የታናሽ እህቱን የቤት ሥራ ያሳያታል። ሰኞ ጠዋት «ምነው ፊትህ ጠቆረ፣ ሌሊቱን ስልክ ላይ ነበርክ አይደል?» እንለዋለን።

ምሕንድስና ስንማር መጀመሪያ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ ሴፍቲ ፋክተር ነው። 10 ቶን ይሸከማል የተባለ ምሰሶ ልክ 10 ቶን ብቻ እንዲችል ተደርጎ አይሠራም። ትርፍ አቅም ይተውለታል፤ ምክንያቱም ያላሰብከው ነፋስ፣ ያላሰብከው ጭነት ይመጣል። ለሲሚንቶና ለብረት የተውነውን ትርፍ ለልጆቻችን አልተውንላቸውም። ሰባቱንም ቀን ሞልተነው ስናበቃ አንድ ጉንፋን፣ አንድ ክፉ ፕሮፌሰር፣ አንድ ከፍቅረኛ መለያየት ሲጨመርበት ይሰነጠቃል። ከዚያ የተሰነጠቀውን ምሰሶ እንቆጣለን።

አሁን ኮሜንት ላይ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። «እኛ በኩራዝ አጥንተን፣ ዳቦ በሻይ በልተን ስንመረቅ ጭንቀት የሚባል ነገር አናውቅም ነበር።» አናውቅም? እኔ ዶርም ውስጥ ከኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛ ልጅ ነበር። ከአገሩ አንደኛ ወጥቶ የመጣ። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሁለት ሳምንት ተኛ። ከካፌ ዳቦ እናመጣለታለን፣ አይበላም። «ለቀቀ» አልን፣ ሳቅን፣ ወደ ላይብረሪ ሄድን። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፤ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለንም። ፈተና ሰሞን በጫት ሌሊቱን የሚያነጋውንስ ረሳችሁት? ኤዲ ወጥቶበት ለቤተሰቡ መናገር አቅቶት ሁለት ዓመት ከተማ ውስጥ ተደብቆ «እየተማርኩ ነው» እያለ ደብዳቤ የሚጽፈውን? ሁሉም ነገር ነበረን። ስም አልነበረውም፣ በቃ።

ፍርሃታችን ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ከሰማይ አልወረደም። እኛ የመጣንበት ሥርዓት በሩ አንድ ነው። ማትሪክ አለፍክ፣ ሰው ሆንክ፤ ወደቅክ፣ አለቀልህ። አሁንም አልተለወጠም፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ሦስት! በዚህ ያለፈ ሰው ውጤት ሲሰማ ልቡ ቢመታ አይፈረድበትም። ግን በሩ አንድ ያልሆነበት አገር ላይ ቆመን ያንኑ ፍርሃት ለልጅ ማውረስ ምን ይባላል? እዚህ የትምህርት ሚኒስቴር የስታቲስቲክስ ክፍል እንዳጠናው ሜጀር ከመረጡ ተማሪዎች 30 በመቶ ያህሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ ቀይረዋል። እኛ መርዶ አድርገን የምናወራው የሲሶውን ተማሪ መንገድ ነው።

ደግሞስ «ኮምፒውተር ተማር፣ ሥራ አታጣም» የምንለው ከየት አምጥተን ነው? ከ2005 የአጎት ልጅ ታሪክ ነው። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በ2025 ባወጣው ሰንጠረዥ በቅርቡ ከተመረቁት መካከል የሥራ አጡ ቁጥር በኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ 7.5 በመቶ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ 6.1 በመቶ ነበር። የሥነ ጥበብ ታሪክ የተማሩት? 3 በመቶ። (ሁሉም ሄዶ የሥነ ጥበብ ታሪክ ይማር አላልኩም፤ ደመወዙ ሌላ ነው፣ ኮሜንት ላይ እንዳትጣሉኝ።) ልጆቹ ይሄን ያውቁታል። ኤአይ የጀማሪውን ሥራ እየወሰደ ነው የሚለውን ወሬ በየቀኑ ያነባሉ። ሁለት መቶ ቦታ አመልክተው መልስ ያላገኙ ጓደኞች አሏቸው። ያን ሁሉ ይዘው ቤት ሲመጡ «አንተ ብቻ በርታ እንጂ ይሄ አገር ሥራ ሞልቷል» እንላቸዋለን። ልጁ ሁለተኛ ለምን ያወራን?

የማያወራበት ሌላም ምክንያት አለ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የትምህርት መዝገቡ የራሱ ነው። ፌርፓ የሚባል የ1974 ሕግ አለ፤ ሬጅስትራር ቢሮ ሄደህ «አባቱ ነኝ» ስላልክ ብቻ ውጤቱን ዘርግፈው አይሰጡህም። ስለዚህ ከፈራህ ለአንድ ዓመት፣ ለሁለት ዓመት መደበቅ ይችላል። አዳራሽ ተከራይተን፣ ኬክ አዝዘን፣ ከአትላንታና ከሲያትል ዘመድ ትኬት ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ «እማ፣ አልመረቅም» የተባለበት ቤት አልሰማንም? ሰምተናል። ያወራነውም ስለ ልጁ ውሸት ነው። አንድ የ22 ዓመት ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ ያን ምስጢር ብቻውን ይዞ እንዴት እንደሚተኛ ያወራ የለም።

ገንዘቡንም እናንሳው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ምስጢረኞቹ እኛ ነን። ቤታችን ስንት እንደሚገባ፣ ለአገር ቤት ስንት እንደምንልክ፣ ስንት ዕዳ እንዳለ ለልጅ አንናገርም። እንቃትታለን፣ ቢል ሲመጣ እንጮኻለን፣ ቁጥሩን ግን አናሳይም። ቁጥር የማያውቅ ልጅ ሁሉም ነገር በሱ ላይ የቆመ ይመስለዋል። አስቀምጣችሁ ንገሩት፦ በዓመት ይህን ያህል እንችላለን፣ ከዚህ በላይ አንችልም። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ ከመንግሥት በራሱ ስም የሚበደረው አንደኛ ዓመት 5,500 ዶላር፣ ሁለተኛ ዓመት 6,500፣ ከዚያ በኋላ በዓመት 7,500 ነው፤ በጠቅላላው ከ31,000 አያልፍም። ትልቅ ነው ግን ዳር ያለው ቁጥር ነው። ዳር ያለው ነገር ከ«ቤት ልናጣ ነው» ይሻላል። ፋፍሳ ስትሞሉም አብሯችሁ ይቀመጥ፣ ለአካውንታንት አሳልፋችሁ አትስጡት።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ላይ ያለንን ነገር ደግሞ ተዉት። «የት ነው የሚማረው?» ሲባል ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ለጊዜው ኖቫ ነው» እንላለን፣ እስር ቤት ያለ ይመስል። ኖቫ ሁለት ዓመት ተምሮ የተጠየቀውን ውጤት ያመጣ ልጅ የቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉበት ውል አለ። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የጨረሰበት ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ወጪው ግን በጣም የራቀ ነው። ይሄን ያደረገ ልጅ ሒሳብ የሚችል ልጅ ነው።

«እሺ ምን እናድርግ?» ለሚል፣ በቅርቡ በግድ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ ነገር፣ ካምፓስ ውስጥ ካውንስሊንግ ሴንተር አለ። አብዛኛው ቦታ ክፍያው ከተማሪው ፊ ጋር ስለተካተተ ለብቻው አያስከፍልም፤ የሚነጋገሩትም ምስጢር ነው። የሴሚስተር ማብቂያ ላይ ወረፋው ስለሚበዛ ልጁ ገና በመጀመሪያው ወር ቢሄድ ይሻለዋል። ለጠበል የምትወስዱ ውሰዱ፣ ዱዓ የምታደርጉ አድርጉ፤ እኔም ስለት አለብኝ። ቁርባኑም ካውንስሊንጉም አብረው ይሄዳሉ፣ ስኳር ያለበት ሰው ጸሎት አድርሶ ኢንሱሊኑን እንደሚወጋው ነው።

ሁለተኛ፣ ኮርስ መጣል ወንጀል አይደለም። እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ የጣለ ተማሪ ትራንስክሪፕቱ ላይ ደብሊው ይጻፍበታል እንጂ ጂፒኤው አይነካም። ከ12 ክሬዲት በታች ከወረደ የገንዘብ እርዳታውን ሊነካበት ስለሚችል መጀመሪያ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዶ ይጠይቅ። ይሄን ቀን የሚያሳልፉት አብዛኞቹ የኛ ልጆች «አባዬ ምን ይለኛል» እያሉ ነው፤ ደብሊው መሆን የሚችለው ኤፍ ሆኖ ይቀራል።

ደግሞ ኦፊስ አወር። የኛ ልጅ አስተማሪ ቢሮ አይሄድም። እኛ ነን ያስተማርነው፤ አስተማሪ ይከበራል፣ አይረበሽም። እዚህ አገር ግን ፕሮፌሰሩ እዚያ የተቀመጠው እንዲጠየቅ ነው፤ የሚጠይቅ ሲያጣ ስልኩን ነው የሚያየው። ያልገባውን ይዞ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ሌሊት የሚፋጠጥ ልጅ ጭንቀቱ እንጂ እውቀቱ አይጨምርም። አሮጌ ፈተና አግኝቶ፣ ሰዓት ይዞ፣ ከሁለት ሦስት ልጅ ጋር ቢሠራ ፈተናው ቀን እጁ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። እንቅልፍም አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ሰው ያነበበውን ይዞ እንደማይገባ ከፈረቃችን ማወቅ ነበረብን።

ከፈተና ፍርሃት የሚያልፍም አለ። ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ መብላት ካቆመ፣ ክፍል መሄድ ከተወ፣ ልቡ እየደለቀ ትንፋሽ እያጠረው ድንገተኛ ክፍል ከገባና «ልቡ ደህና ነው» ተብሎ ከተመለሰ፣ ይሄ በምክርና በቁጣ የሚያልፍ አይደለም፤ ሐኪም ይየው። መኖር አልፈልግም የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ደግሞ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። 988 ይደወላል፣ ቴክስትም ይደረጋል፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። አጠገቡ ሁኑ። ቤት ውስጥ «ሰው እንዳይሰማ» መባባሉን ያን ቀን እንኳ ተዉት።

አውሮፓ ያላችሁ ክፍያው እንደኛ አያቃጥላችሁ ይሆናል፣ ዓረፍተ ነገሯ ግን እናንተም ቤት አለች። ዱባይና ቤይሩት ሰው ቤት እየሠራሽ አገር ቤት ወንድምሽን ግል ኮሌጅ የምታስተምሪው እህቴ፣ አንቺም «በኔ ላብ ነው የምትማረው» ያልሽው ቀን አለ። ላብሽ እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን በያንዳንዱ ስልክ ላይ ስታስታውሽው ልጁ የሚያነበው መጽሐፉን ሳይሆን ያንቺን ሒሳብ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ልጄ ጻፈው ብላኛለች።

ልጄ ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ናት። በመስከረም አካባቢ ስደውልላት ሁሌ «ደህና ነኝ አባዬ» ነበር። ኦክቶበር ላይ አንድ ማታ፣ እኔ ከዳለስ ሰው ጭኜ እየሄድኩ ነው፣ ደወለች፤ አላነሳሁም። እንደገና ደወለች። ሰውየውን አውርጄ መልሼ ስደውልላት ካምፓሷ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ነው። ስታቲክስ ሁለት ፈተና ወድቃለች። ለስድስት ሳምንት ደብቃኛለች። እንግዲህ ስታቲክስ ማለት እኔ እንቅልፌን እያንቀላፋሁ የማስረዳው ትምህርት ነው! «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፤ ድምፄም ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ያለችኝን እንዳለ ልጻፈው፦ «አንተ ለኔ ብለህ 15 ዓመት ታክሲ ነድተህ እኔ እንዴት ስታቲክስ ወደቅኩ ልበልህ?»

የኔው ቃል ነው። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ስትሰማው የኖረችው።

እና እውነቱ ምንድን ነው? በዲቪ ስንመጣ ዲግሪዬን አስገመገምኩ። ኤፍ ኢ የሚባለው የኢንጂነሮች የመጀመሪያ ፈተና ነበረብኝ፤ ያኔ በወረቀት ነበር፣ 8 ሰዓት፣ 180 ጥያቄ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ኤፕሪልና ኦክቶበር። ወፍራም መጽሐፉን ገዛሁ። «ለስድስት ወር» ብዬ ታክሲ ጀመርኩ። መጽሐፉ ሦስት ዓመት የታክሲው ሻንጣ ውስጥ ከትርፍ ጎማው ጋር ተቀምጧል። ባለቤቴ «ስድስት ወር እኔ ድርብ እሠራለሁ፣ አንተ ቁጭ ብለህ አጥና» ብላኛለች፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። የመመዝገቢያ ቀኑ በመጣ ቁጥር ሆዴ ይገለበጣል፣ ሌሊት ያልበኛል፣ ጠዋት «ይሄ ሳምንት ሥራ አለ፣ የሚቀጥለው ዙር» እላለሁ። እንግሊዝኛው ያስፈራኛል፣ ብወድቅ እዚህ ሰልፍ ላይ ምን ይሉኛል እላለሁ። ከክፍሌ ከአምስቱ አንዱ ሆኜ የተመረቅኩ ሰው እኮ ነኝ። ፈርቼ ነው የተውኩት። ከዚያ ፍርሃቴን «ለልጄ ስል ነው» የሚል ካባ አለበስኩት፤ ካባው ደግሞ ያምራል፣ ሰውም ያከብርበታል። ዋጋው ለልጄ ሲደርስ ነው ያየሁት።

የቤት ኪራዩ እውነት ነው፣ ድካሙም እውነት ነው፤ ታክሲ መንዳትም የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፣ ቤት ያቆምኩበት ነው። ግን «ላንቺ ስል» የሚለው ግማሹ ውሸት ነበር። ይህን ለ19 ዓመት ልጅ በስልክ መንገር ከኤፍ ኢ ይከብዳል፣ አልዋሻችሁም። በማግስቱ ሥራ ሳልገባ ሁለት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ፤ በርገር ቤት ቁጭ ብለን ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እና ለምን አልተፈተንክም?» አለችኝ። «ፈራኋ» አልኳት። ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

በዚያው ሳምንት አድቫይዘሯ ጋ ሄዳ ስታቲክሱን ጣለች፤ ደብሊው ተጽፎባታል። ክሬዲቷ ከ12 አልወረደም። ካውንስሊንግ አራት ጊዜ ሄዳለች፤ ምን እንደሚያወሩ አልጠይቅም፣ ምን እንደሚያወሩ ለማወቅ ግን ልሞት ነው። ኮርሱን በጋ ላይ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ልትወስደው አስባለች፣ ክሬዲቱ እንደሚዛወር በጽሑፍ አረጋግጣለች። እኔም «ኢንጂነሯ» ማለት ትቻለሁ። እናቷ ግን አንዳንዴ ያመልጣታል።

ኢንጂነሪንግ ትቀጥል አትቀጥል ገና አልወሰነችም። በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለቴ ልጠይቃት ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ።

ሰልፉ ተንቀሳቅሷል፣ ሦስት መኪና ቀርቶኛል። ያ ስታቲስቲክስ የገባው ልጅ አባት፣ ይህን ካነበብክ ደውልልኝ፤ ልጁ እንዴት እንደሆነ ልጠይቅህ ነው። ስድቡን ኮሜንት ላይ ተዉልኝ፣ ማታ ቤት ስገባ አነበዋለሁ።